ፍርሃትንና አልለቅ ያለ ልማድን በሂፕኖቴራፒ፦ ከመጀመሪያው ስልክ እስከ ቤት ልምምድ

አውሮፕላን ከመፍራቱ የተነሳ አገሩ ሳይገባ ዓመታት ያለፉት ሰው አለ። ውሻ ፈርታ በየቀኑ ሰፈሩን ዞራ ሥራ የምትገባ አለች። ጥፍሩን እስኪደማ የሚነክስ፣ ሲጋራ ስንቴ ጥሎ ስንቴ መልሶ ያነሳ፣ ከሰዓት በኋላ ሲሆን እግሩ ሳያስበው ወደ ጫት ቤት የሚወስደውም ሞልቷል። ለእነዚህ ሰዎች የሚሰጠው ምክር ብዙ ጊዜ «ጠንከር በል»፣ «አትሞኚ» ነው። እንዲህ ያለ ምክር ማንንም ሲጠቅም አላየሁም።

ሂፕኖቴራፒን ለመሞከር ላሰባችሁ አቋሜን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ሂፕኖቴራፒ ብቻውን ፍርሃት አይነቅልም። የምትፈሩትን ነገር ለመጋፈጥ፣ ወይም ልማዱ በሚነሳባት ቅጽበት ሌላ ነገር ለማድረግ ያግዛል። ጋደም ብሎ ሌላ ሰው እንዲያድነው የሚጠብቅ ገንዘቡን ያባክናል፤ እንደ ልምምድ የያዘው ግን ይጠቀምበታል። ከታች ያለው ሁሉ ከዚህ የተነሳ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ነገሩ ምንድን ነው?

ሂፕኖሲስ እንቅልፍ አይደለም። ትኩረት አንድ ነገር ላይ ተሰብስቦ በዙሪያ ያለው ሁሉ የሚርቅበት ሁኔታ ነው። ልብ የሚሰቅል ታሪክ እያነበባችሁ ስማችሁ ሲጠራ ሳትሰሙ የቀራችሁበትን ጊዜ አስታውሱ፤ ከዚያ ብዙም አይርቅም። በዚያ ሰዓት የሚነገር ሐሳብ፣ በተለይ እናንተው የፈለጋችሁት ከሆነ፣ ከወትሮው ቀለል ብሎ ይገባል። ባለሙያ ይህን ለሕክምና ሲጠቀምበት ሂፕኖቴራፒ ይባላል።

«ድግምት ነው? የሆነ ነገር ይገባብኛል?» የሚል ጥያቄ በእኛ ዘንድ ብዙ ነው፣ መጠየቁም ተገቢ ነው። መልሱ ከ200 ዓመት በፊት ተሰጥቷል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ፓሪስ ውስጥ ፍራንዝ መስመር የሚባል ሐኪም በሰው አካል ውስጥ የሚዘዋወር መግነጢሳዊ ኃይል አለ፣ በእሱም እፈውሳለሁ እያለ ከተማውን አናውጦት ነበር። በ1784 የፈረንሳይ ንጉሥ ያቋቋመው ኮሚሽን፣ ቤንጃሚን ፍራንክሊንና ኬሚስቱ ላቮይዜ ያሉበት፣ ነገሩን መርምሮ ምንም ኃይል የለም፣ የሚሠራው የሰዎቹ የራሳቸው ምናብ ነው አለ። በ1841 ደግሞ ማንችስተር ይሠራ የነበረ ጄምስ ብሬይድ የተባለ ስኮትላንዳዊ ቀዶ ሐኪም የመስመርን ዘዴ የሚያሳይ ትርኢት መድረክ ላይ አይቶ ራሱ መሞከር ጀመረ፤ ዓይንን አንድ ነጥብ ላይ ተክሎ መቆየት ብቻ እንደሚበቃም አሳየ። የእንግሊዝ ሐኪሞች ማኅበር በ1955፣ የአሜሪካው በ1958 ሂፕኖሲስን ለሕክምና ሊያገለግል የሚችል ዘዴ ብለው ተቀበሉት።

ስለዚህ የሚገባባችሁ ነገር የለም። ትሰማላችሁ፣ አብዛኛውን ታስታውሳላችሁ፣ ካልመሰላችሁ ዓይናችሁን ገልጣችሁ ትነሳላችሁ። «እዚያው ቀርቼ ብቀርስ?» ለሚለው፣ ቴራፒስቱ ድንገት ከክፍሉ ቢወጣ እንኳ ወይ ራሳችሁ ትነቃላችሁ ወይ ትንሽ እንቅልፍ ወስዷችሁ ትነሳላችሁ። አሁንም ልባችሁ ከከበደ የንስሐ አባታችሁን፣ ሼሁን ወይም ፓስተሩን አማክሩና አእምሯችሁ ሲያርፍ ጀምሩ። በጥርጣሬ ተወጥሮ የተቀመጠ ሰው ዘና ማለት ስለማይችል ሰዓቱ በከንቱ ያልፋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሂፕኖሲስ ለሁሉም ሰው እኩል አይሆንም። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኧርነስት ሂልጋርድና አንድሬ ዋይዘንሆፈር በ1959 መለኪያ አውጥተውለታል። በግምት ከመቶ ከ10 እስከ 15 የሚሆነው ሰው በጥልቀት ይገባል፣ ያን ያህሉ ደግሞ ምንም አይሆንለትም፣ ቀሪው መሃል ላይ ነው። በጥልቀት የሚገባው ሰው ሞኝ ወይም ደካማ አይደለም፣ ያልሆነለትም አእምሮው ጠንካራ ስለሆነ አይደለም።

ደረጃ 1፦ አንድ ነገር ብቻ ምረጡ፣ እሱንም አጥብቡት

«ፍርሃቴን ማጥፋት እፈልጋለሁ» ብሎ የሚጀምር ሰው የትም አይደርስም። የቱ ፍርሃት? መቼ? የቱ ቅጽበት ላይ? አውሮፕላን የሚፈሩ ሁለት ሰዎች የሚፈሩት አንድ ነገር ላይሆን ይችላል። አንዱን የሚያስጨንቀው በሩ ተዘግቶ መውጣት አለመቻሉ ነው። ሌላዋ በሩ ግድ የላትም፣ መንገጫገጩ ነው የሚገድላት። ሕክምናው የሚጀምረው ከዚህ ልዩነት ነው።

አንድ ሳምንት ማስታወሻ ያዙ፣ ስልካችሁ ላይም ቢሆን። ፍርሃቱ ወይም ልማዱ በተነሳ ቁጥር ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ማን አብሯችሁ እንደነበረ፣ ከዚያ በፊት ምን እንደተሰማችሁ ጻፉ። ኃይሉን ከ0 እስከ 10 ቁጥር ስጡት። ጥፍር የሚነክስ ሰው ይህን ሲያደርግ ብዙ ጊዜ አንድ የማያውቀው ነገር ያገኛል፤ ለምሳሌ ስብሰባ ላይ ሳይሆን ዜና ሲያይ ነው የሚነክሰው፣ ወይም ጥፍሩ ጫፍ ላይ ሻካራ ነገር ሲዳስስ ነው። ቴራፒስቱ ዘንድ ይዛችሁ የምትሄዱት ከሁሉ የሚበልጥ ነገር ይህ ወረቀት ነው።

ደረጃ 2፦ ለእናንተ ችግር ያገለግላል ወይ?

እዚህ ላይ ብዙ ማስታወቂያ ይዋሻል፣ ስለዚህ ረጋ ብላችሁ አንብቡ።

ለአንድ ለተለየ ነገር ፍርሃት፣ ማለትም ለውሻ፣ ለሊፍት፣ ለከፍታ፣ ለአውሮፕላን፣ ከሁሉ በላይ የተፈተነው ሕክምና ቀስ በቀስ መጋፈጥ ነው። ሂፕኖሲስ ወደዚያ መግቢያና ማደላደያ ሆኖ ሲጨመርበት ነው የምመክረው።

መርፌና ደም የሚፈሩ ግን ይለያሉ። ሌላ ፍርሃት ልብ ያስመታል፣ የደም ግፊት ይጨምራል። ደም ሲያዩ የሚወድቁ ሰዎች ግን መጀመሪያ ከፍ ብሎ ከዚያ ግፊታቸው በድንገት ይወርዳል፣ ራሳቸውን የሚስቱት ለዚህ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው «ዘና በል፣ ሰውነትህን ልቀቀው» ማለት መውደቁን ማፋጠን ሊሆን ይችላል። ስዊድናዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ላርስ ጎራን ኦስት ያስተማረው ዘዴ ተቃራኒው ነው፦ የክንድ፣ የደረትና የእግር ጡንቻን ፊት እስኪሞቅ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ወጥሮ መያዝ፣ መልቀቅ፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይቶ መድገም። መርፌ ፈርታችሁ ሂፕኖቴራፒስት ዘንድ ከሄዳችሁና ሰውዬው «ራስህን ስተህ ታውቃለህ?» ብሎ ካልጠየቃችሁ፣ ሌላ ፈልጉ።

ለሲጋራ ተስፋችሁን ለክታችሁ ያዙ። የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝነው ዓለም አቀፍ ድርጅት ኮክሬን በ2019 ያወጣው ግምገማ 14 ጥናቶችን ሰብስቦ አይቶ፣ ሂፕኖቴራፒ ሲጋራ ለማቆም ከሌሎች ዘዴዎች ይበልጣል የሚያሰኝ በቂ ማስረጃ አላገኘም። አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም ዴቪድ ስፒግልና ባልደረቦቹ በ1993 ባወጡት ጥናት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተቀምጠው ራሳቸውን በሂፕኖሲስ መርዳት ከተማሩ 226 አጫሾች ውስጥ ከሁለት ዓመት በኋላ ሳያጨሱ የቆዩት 23 በመቶ ነበሩ። ለአንድ ቀጠሮ መጥፎ ውጤት አይደለም፣ ግን አብዛኞቹ እንዳላቆሙም ልብ በሉ። ከኒኮቲን መተኪያ ማስቲካ ወይም ፕላስተር ጋር አብራችሁ ብትይዙት የተሻለ ነው።

ጫትም ላይ እንዲሁ። ሂፕኖቴራፒ ሊነካ የሚችለው የልማዱን ክፍል ነው፦ ሰዓቱን፣ ምንጣፉን፣ ጨዋታውን፣ «ዛሬስ ትንሽ» የሚለውን ድምፅ። ስታቆሙ የሚመጣው ድካም፣ የስሜት መውረድና ቅዠት ግን የሰውነት ጉዳይ ነው፣ ጊዜና አንዳንዴም ሐኪም ይፈልጋል። አልኮል በየቀኑ በብዛት የሚጠጣ ወይም የእንቅልፍና የጭንቀት ኪኒን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ደግሞ ያለ ሐኪም በድንገት ማቆም የለበትም። ሕይወት የሚያሳጣ መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል፣ ይህን ሂፕኖቴራፒ አይከላከለውም።

ማን ይቅርበት? ድምፅ የሚሰማው፣ የሌለ ነገር የሚታየው ወይም ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ሕመም የነበረበት ሰው አይሞክር፤ እሱ የሚያስፈልገው የአእምሮ ሐኪም ነው፣ አዲስ አበባ ላለ ሰው አማኑኤል ሆስፒታል አለ። የሚጥል በሽታ ያለባችሁ መጀመሪያ ሐኪማችሁን አማክሩ። ፍርሃታችሁ ከጦርነት፣ ከስደት መንገድ ወይም ከጥቃት የመጣ ከሆነ ደግሞ በአስደንጋጭ ገጠመኝ ሕክምና የሠለጠነ ባለሙያ ካልሆነ በስተቀር ማንም ዓይናችሁን አስጨፍኖ ወደዚያ እንዲመልሳችሁ አትፍቀዱ።

ደረጃ 3፦ ሰው መምረጥ

እስራኤል ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። እዚያ በ1984 የወጣ የሂፕኖሲስ ሕግ አለ፣ ፈቃድ የሚሰጠውም ለሐኪም፣ ለጥርስ ሐኪምና ለሥነ ልቦና ባለሙያ ብቻ ነው። እንግሊዝ ውስጥ በአንጻሩ ማንም ሰው ራሱን ሂፕኖቴራፒስት ብሎ በሩ ላይ ሊጽፍ ይችላል። አሜሪካ ሕጉ ከስቴት ስቴት ይለያያል፤ በ1957 የተመሠረተው የአሜሪካ የክሊኒካል ሂፕኖሲስ ማኅበር ፈቃድ ያላቸው የጤና ባለሙያዎች የሚገኙበት ስለሆነ ከእሱ ዝርዝር መጀመር ጥሩ ነው። አገር ቤት ከሆናችሁ መጀመሪያ የሥነ ልቦና ባለሙያ ወይም የአእምሮ ሐኪም ፈልጉ፣ ከዚያ በሂፕኖሲስ ሠልጥኖ እንደሆነ ጠይቁ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት።

እኔ የምይዘው መለኪያ አንድ ነው፦ ሰውዬው ያለ ሂፕኖሲስ ሊያክመው የማይችለውን ችግር በሂፕኖሲስም ሊያክመው አይገባም።

ስልክ ስትደውሉ ሳታፍሩ ጠይቁ። መሠረታዊ ትምህርትዎ ምንድን ነው? እንደኔ ያለ ፍርሃት ያለበት ሰው አክመው ያውቃሉ? ስንት ቀጠሮ ይፈጃል? ካልሠራ ምን እናደርጋለን? የመጨረሻውን ጥያቄ ሲሰማ የሚቆጣ ሰው መልሱን ሰጥቷችኋል።

«መቶ በመቶ ዋስትና» ካለ፣ የአሥር ቀጠሮ ክፍያ አስቀድሞ ከጠየቀ፣ መድኃኒት አቁሙ ካለ፣ ወይም «የተረሳ የልጅነት ትዝታ አወጣላችኋለሁ» ካለ ተመለሱ። የመጨረሻው በተለይ አደገኛ ነው። በሂፕኖሲስ ውስጥ ሰው ያልሆነውን ነገር ሆነ ብሎ ከልቡ ሊያምን ይችላል፤ ብዙ የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች በሂፕኖሲስ የተገኘ ምስክርነትን የሚገድቡት በዚህ የተነሳ ነው። በሌለ ትዝታ አባቱን ከሰሰ፣ ከእህቱ ተቆራረጠ የሚባል ቤተሰብ ማንም አይፈልግም።

ደረጃ 4፦ የመጀመሪያው ቀጠሮ

የመጀመሪያው ቀን ብዙው ወሬ ነው። ጥሩ ባለሙያ ማስታወሻችሁን ያያል፣ ስለ ጤናችሁ ይጠይቃል፣ የምታምኑትንና የምትፈሩትን ያዳምጣል። ከዚያ ዓይናችሁን አንድ ነጥብ ላይ እንድትተክሉ ይጠይቃችኋል፣ ትንፋሻችሁን ያረጋጋል፣ ይቆጥራል፣ ወይም ደረጃ እየወረዳችሁ እንደሆነ እንድታስቡ ያደርጋል። እጅ ይከብዳል ወይም ይቀላል፣ የዓይን ቆብ ይርገበገባል። አንዳንዱ ደግሞ «ምንም አልሆንኩም» ብሎ ይወጣል፣ ግን አምስት ደቂቃ የመሰለው ግማሽ ሰዓት ሆኖ ያገኘዋል።

ውጭ አገር ላላችሁ አንድ ምክር አለኝ። እንግሊዝኛችሁ ወይም ዕብራይስጣችሁ ለሥራ የሚበቃ ቢሆንም እንኳ የሚነገሯችሁን ዋና ዋና ዓረፍተ ነገሮች በአማርኛ አዘጋጁ። ፍርሃቱ ሲነሳ በውስጣችሁ የምትናገሩት በአማርኛ ከሆነ መልሱም በአማርኛ ይሁን። አማርኛ የሚችል ባለሙያ ካልተገኘ፣ እሱ በራሱ ቋንቋ ወደ ጸጥታው ያስገባችሁና ዓረፍተ ነገሮቹን እናንተ በልባችሁ በአማርኛ ትደጋግማላችሁ። አስተርጓሚ መሃል ቁጭ ካለ ግን ጸጥታው ይሰበራል፣ ለንግግሩ ክፍል ብቻ ይኑር።

አሁን አውሮፕላን የምትፈራ ሴት እንውሰድና ጠጋ ብለን እንየው። ቴራፒስቱ «ምንም አትፈሪም» አይላትም። ጉዞውን በቅደም ተከተል ያሳልፋታል፦ ቀበቶው ቀጭ ሲል፣ በሩ ሲዘጋ፣ ሞተሩ ሲጮህና ጀርባዋ ወንበሩ ላይ ሲለጠፍ። ከተነሱ በኋላ ከታች ድም የሚል ድምፅ ይመጣል፣ ጎማው እየገባ ነው። ትንሽ ቆይቶ የሞተሩ ድምፅ ቀነስ ይላል፣ ለመነሳት ያስፈለገው ትልቅ ኃይል ስለማያስፈልግ ነው። በዚህች ቅጽበት ሰውነት የሚወድቅ ይመስለዋል፣ ብዙ ሰው የሚደነግጠውም እዚህ ላይ ነው። እሷ በጸጥታው ውስጥ ሆና ያንን የድምፅ መቀነስ ደጋግማ ትሰማዋለች፣ እየሰማችም ትከሻዋን መጣልና ትንፋሿን ማስረዘም ትለማመዳለች። የሚሠራው ሥራ ይህ ነው። ቁጥሩ ከ8 ወደ 5 ከወረደ ለዚያ ቀን ትልቅ ነገር ነው።

ደረጃ 5፦ ቤት ውስጥ

ያለዚህ ደረጃ የቀረው ዋጋ የለውም። ቀን ቀን 10 ደቂቃ ይበቃል። መኪና እየነዳችሁ ወይም ምድጃ ላይ ድስት ጥዳችሁ ግን በፍጹም።

ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ አልጋ ላይ እንቅልፍ ይወስዳችኋል። ስልኩን ዝም አድርጉት። ከዓይናችሁ ከፍ ያለ አንድ ነጥብ ግድግዳው ላይ ምረጡና ዓይናችሁን ከእሱ አትንቀሉ። ትንፋሽ በአራት ቁጥር አስገቡ፣ በስድስት ቁጥር አስወጡ። ዓይናችሁ ሲደክም ይጨፈን። አሁን ከ10 ወደ 1 በየትንፋሹ አንድ ቁጥር እየወረዳችሁ ቁጠሩ። ከዚያ ሰላም ወዳለበት፣ በደንብ ወደምታውቁት ቦታ ሂዱ፦ የአያታችሁ በረንዳ፣ ላንጋኖ ዳርቻ፣ ቡና እየተቆላ ያለበት ቤት። በደፈናው አትሂዱ። ጭሱ ይሽተት፣ ሰፌዱ ይታይ፣ ከውጭ የሚመጣው ድምፅ ይሰማ።

እዚያ ሆናችሁ ዓረፍተ ነገራችሁን አምስት ስድስት ጊዜ በዝግታ ተናገሩ። አጻጻፉ ላይ ተጠንቀቁ። «አልፈራም» አይሠራም፣ ውሸት መሆኑን ሰውነታችሁ ያውቃልና። የምታደርጉትን ነገር ተናገሩ። «በሩ ሲዘጋ ትከሻዬን እጥላለሁ፣ ትንፋሼን አረዝማለሁ።» «ልቤ ሲመታ ሊጠብቀኝ ነው፣ ይመታል፣ ያልፋል።» «እጄ ወደ አፌ ሲነሳ አውቀዋለሁ፣ ጣቶቼን አጥፌ እይዛለሁ።» ስፒግል ለአጫሾች የሚሰጠው ሐሳብ ደግሞ ሦስት ክፍል አለው፦ ሲጋራ ለሰውነቴ መርዝ ነው፤ ለመኖር ሰውነቴ ያስፈልገኛል፤ ስለዚህ ሰውነቴን ማክበርና መጠበቅ አለብኝ። ከልካይ ቃል እንደሌለበት እዩት። ሰውዬው የሚቆመው ለሰውነቱ ነው እንጂ ሲጋራን ለመታገል አይደለም፣ እኔም ደስ የሚለኝ ለዚህ ነው።

ሲጨርሱ ከ1 እስከ 5 ቆጥሮ እጅ እግርን አንቀሳቅሶ ዓይን መግለጥ። በራሳችሁ ድምፅ ስልካችሁ ላይ ብትቀዱት ይቀላል። የራስን ድምፅ መስማት መጀመሪያ ያሳፍራል፣ በሁለት በሦስት ቀን ይለመዳል።

ደረጃ 6፦ ውጡና ተጋፈጡት

ከቀላል ወደ ከባድ ዝርዝር ጻፉ። ለአውሮፕላን፦ የመነሻ ድምፅ ያለበት ቪዲዮ ማየት፣ ዘመድ ለመሸኘት ቦሌ መሄድ፣ ከዚያ እንደ አዲስ አበባ ባሕር ዳር ያለ አንድ ሰዓት የማይሞላ ወይም ትንሽ የሚያልፍ በረራ። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ያለውን ከ12 ሰዓት በላይ የሚፈጅ ጉዞ የመጀመሪያ ልምምዳችሁ አታድርጉት። እያንዳንዱ ላይ ቁጥሩ በግማሽ እስኪወርድ ቆዩ፤ ቁጥሩ ጫፍ ላይ ሳለ ከሸሻችሁ ሰውነታችሁ የሚማረው መሸሽን ነው።

ለልማድ ደግሞ አዝሪንና ነን የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች በ1973 ያስተዋወቁት ዘዴ ከሂፕኖሲሱ ጋር በደንብ ይሄዳል። እጅ ወደ አፍ መነሳቱን ባወቃችሁ ቅጽበት ልማዱን የማያስችል ሌላ ነገር ታደርጋላችሁ፣ ለምሳሌ ጡጫ ጨብጦ አንድ ደቂቃ መያዝ። ስብሰባ ላይም፣ ታክሲ ውስጥም ማንም ሳያይባችሁ ይሆናል። በ10 ደቂቃው ልምምድ በምናብ የሠራችሁት ያንኑ ስለሆነ እጃችሁ ቶሎ ይለምደዋል።

ደረጃ 7፦ ቁጥሩን እያያችሁ ወስኑ

በየሳምንቱ ከ0 እስከ 10 ያለውን ቁጥር ከመጀመሪያው ማስታወሻ ጋር አስተያዩ። ለአንድ የተለየ ፍርሃት አራት አምስት ቀጠሮ አድርጋችሁ፣ ቤትም እየሠራችሁ ቁጥሩ ንቅንቅ ካላለ ለባለሙያው በግልጽ ንገሩት። ምናልባት የተያዘው ቅጽበት የተሳሳተ ነው፣ ምናልባት ሂፕኖሲስ ለእናንተ አልሆነም፤ መጋፈጡን ብቻውን መቀጠል ይቻላል። «ገና አሥር ቀጠሮ ይቀርሃል» ካላችሁና ምክንያቱን ካልነገራችሁ እዚያው ላይ ይብቃ።

ደግሞ ወሩ ሙሉ ደህና ሆኖ አንድ ቀን ይመለሳል። ሰርግ ላይ ሲጋራ ይነሳል፣ በረራው ክፉኛ ይንገጫገጭና ሁሉም ነገር ዜሮ የገባ ይመስላል። በማግስቱ ያንን ቅጽበት ጻፉት፣ ከዝርዝሩ ሁለት ቦታ ዝቅ ብላችሁ እንደገና ጀምሩ፣ ቅጂውን አዲሱን ቅጽበት ጨምራችሁ እንደገና ቅዱት። የሚቀጥለውን አጭር በረራ ትኬትም በዚያው ሳምንት ቁረጡ።